አብራም ፔትሮቪች ሃኒባል

አብራም ፔትሮቪች ሃኒባል (1696 ገደማ – 1781 እ.ኤ.አ.) በሩሲያ ንጉሠ ነገሥታዊ ጦር ውስጥ እስከ ሙሉ ጄኔራልነት ማዕረግ የደረሰ አፍሪካዊ ወታደራዊ መሐንዲስ ነበር። የታላቁ ጴጥሮስ የክርስትና ልጅ ሲሆን፣ ለሩሲያዊው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን ደግሞ በእናቱ በኩል ቅድመ አያቱ ነው። በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በቁስጥንጥንያ (በዛሬዋ ኢስታንቡል) በኩል ወደ ሩሲያ ገባ። የተወለደበት አገር ግን እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ካሜሩን በተለያየ ጊዜ የትውልድ አገሩ ናቸው ተብሏል። እሱ ራሱ በፊርማው ባስገባው ጽሑፍ ላይ ያሰፈረው ግን የአፍሪካን ስምና የአንዲት ከተማን ስም ብቻ ነው፤ የከተማዋም ስም ላጎን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ስለ ሃኒባል የልጅነት ቤት የሚታወቀው ሁሉ የመጣው ከራሱ ቤተሰብ ነው። ከሞተ በኋላ ሮትኪርህ የተባለው አማቹ በጀርመንኛ አጭር የሕይወት ታሪኩን ጽፏል። ፑሽኪንም ይህን ጽሑፍ ከዘመዶቹ ከሰማው ጋር አዳብሎ በማስታወሻዎቹ ውስጥ አስፍሯል። በእነዚህ ታሪኮች መሠረት አባቱ ሀብታምና ኃይለኛ ባላባት ሲሆን ብዙ ሚስቶችና ብዙ ልጆች ነበሩት። አብራም ከ19 ወንድማማቾች መካከል የመጨረሻው ነበር። ሌሎቹ ወንድሞቹ ወደ አባታቸው ሲቀርቡ እጃቸውን ወደ ኋላ ታስረው ነበር ይባላል። እሱ ብቻ እንደ ልቡ እየተመላለሰ በአባቱ ግቢ ከፏፏቴ ሥር ይዋኝ ነበር። ስምንት ዓመት ሳይሞላው ተወሰደ። ላጋን የተባለች እህቱም የጫነውን መርከብ እየዋኘች ተከተለችው፤ በጀርመንኛው ታሪክ መሠረት በዚያው ሰጥማ ቀረች።

ይህ ትዝታ ሃኒባል እስኪያረጅ ድረስ አብሮት እንደኖረ ፑሽኪን ጽፏል። የእህቲቱ ስም ላጋን፣ የከተማይቱ ስም ላጎን መሆኑ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ሁለቱ ስሞች በእውነት ተመሳሳይ ነበሩ? ወይስ አንድ ቃል በልጅ ትዝታና በቤተሰብ ወሬ ውስጥ ሲንከባለል ለሁለት ተከፈለ? የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ቋንቋውን የሚናገርለት ሰው ሳያገኝ ሲያድግ፣ ከቋንቋው የሚተርፉት ጥቂት ስሞች መቀላቀላቸው የሚያስገርም አይሆንም።

ልጁ በ1703 ገደማ በቁስጥንጥንያ የሱልጣኑ ቤተ መንግሥት እንደነበር ይታመናል። በሚቀጥለው ዓመት ሳቫ ራጉዚንስኪ የተባለ በሩሲያ አገልግሎት ያለ ነጋዴ ከሌሎች ጥቁር ልጆች ጋር አግኝቶ ወደ ሞስኮ ላከው። በዚያን ጊዜ በቁስጥንጥንያ የሩሲያ አምባሳደር ፒዮትር ቶልስቶይ ነበር። በአውሮፓ ቤተ መንግሥታት ጥቁር ልጅን በአሽከርነት ማቆም እንደ ጌጥ ይቆጠር ስለነበር ጴጥሮስም ይህንኑ ፈልጎ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የቤተ መንግሥት የወጪ መዝገቦች በአንዱ የአብራም ስም የሚገኘው ያኪም ከተባለ ድንክ ጋር ለትንሣኤ በዓል ልብስ በተሰፋለት ጊዜ ነው። ለቤተ መንግሥቱ ሁለቱም የሚታዩ ነገሮች ነበሩ።

ስሞቹ

በ1705 ልጁ በቪልኒየስ ከተማ በቅድስት ጰራስኬቫ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። የክርስትና አባቱ ንጉሡ ጴጥሮስ ነበር። በሥርዓቱ መሠረት ጴጥሮስ የሚለውን ስም ሊሰጡት ቢፈልጉ ልጁ አልቅሶ እምቢ እንዳለና የቀድሞ ስሙን እንደያዘ ፑሽኪን ጽፏል። የቀድሞ ስሙ ኢብራሂም ነበር። ይህ የእስላም ስም ምናልባት በቁስጥንጥንያ የወጣለት ስለሆነ፣ ልጁ አለቅም ብሎ ያለቀሰለት ስም ራሱ የእናቱ ያወጣችለት ላይሆን ይችላል። ሩሲያውያን ኢብራሂምን ወደ አብራም ለወጡት።

በሩሲያም እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ከሰው ስም ቀጥሎ የአባት ስም ይጠራል። አባቱ የማይታወቅ ልጅ ደግሞ የክርስትና አባቱን ስም ይዞ መጠራት ይችል ነበር። ስለዚህ አብራም ፔትሮቪች፣ ማለትም የጴጥሮስ ልጅ አብራም ተባለ። ለረጅም ጊዜ ይፈርም የነበረው አብራም ፔትሮቭ ብሎ ነው። በመዝገብና በሰው አፍ ግን አራፑ አብራም ይባል ነበር። አራፕ በዚያ ዘመን ሩሲያኛ ጥቁር ሰው ማለት ነው።

ሃኒባል የሚለውን የቤተሰብ ስም የያዘው ዘግይቶ፣ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። ስሙ የጥንቷ የካርታጎ ጦር አለቃ፣ ሮምን ያስጨነቀው አፍሪካዊ ነው። የጀርመንኛው የሕይወት ታሪክ ቤተሰቡ በእርግጥ ከእሱ የተወለደ እንደሆነ አድርጎ ያቀርባል፤ ይህን የሚደግፍ ነገር ግን የለም። ይልቅ የተማረ የጦር መሐንዲስ በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ ሁሉም የሚያከብረውን አንድ አፍሪካዊ ፈልጎ ያገኘው ይመስላል።

ከእሱ ጋር ወደ ሩሲያ ከመጡት ልጆች አንዱ አሌክሲ የተባለው በፕረዮብራዠንስኪ ክፍለ ጦር ውስጥ ሙዚቀኛ ሆኗል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን ልጅ የሥጋ ወንድሙ ያደርጉታል። ፑሽኪን ደግሞ ሌላ ታላቅ ወንድሙ ቤዛ ይዞ እስከ ፒተርስበርግ እንደመጣና ጴጥሮስ የክርስትና ልጄን አልሰጥም ብሎ እንደመለሰው ይተርካል። የዚህ ጉዞ ምልክት በመዝገብ አይገኝም። ሆኖም ቤተሰቡ ይህን ታሪክ እየተቀባበለ ማቆየቱ ራሱ የሚነግረን አለ፤ አብራም ልጆቹ ፈላጊ አልባ ሰው አድርገው እንዲያስቡት አልፈለገም።

በፈረንሳይ

አብራም ከንጉሡ አጠገብ አደገ። አሽከርም ጸሐፊም ሆኖ በዘመቻና በጉዞ ይከተለው ነበር። በ1717 ጴጥሮስ ፓሪስን ሲጎበኝ አብሮ ሄደና ለትምህርት እዚያው ቀረ። በፈረንሳይ ጦር ገብቶ ከስፔን ጋር በተደረገው ጦርነት ራሱ ላይ ቆሰለ፤ ከዚያም በላ ፌር የመድፈኞችና የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገባ። ኑሮው የችግር ነበር። በ1720 የፈረንሳይ የወረቀት ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ ከሩሲያ የሚላክለት ድጎማ ስላልበቃው በዕዳ መዘፈቁን እየገለጸ ደጋግሞ ደብዳቤ ጽፏል።

በ1723 መጀመሪያ ከአምባሳደሩ ከልዑል ዶልጎሩኮቭ ጋር ወደ ሩሲያ ተመለሰ። ንጉሡ ከከተማ ወጥቶ እንደተቀበለው የሚናገረው የቤተሰብ ወግ ነው። የተረጋገጠው ግን ወደ 400 የሚጠጉ መጻሕፍት ይዞ መመለሱ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ለአንድ መኮንን ብዙ ነው። በፕረዮብራዠንስኪ ክፍለ ጦር የሒሳብና የምሽግ ግንባታ መምህር ሆነ። በ1726 ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ አሠራር ያዘጋጀውን ባለ ሁለት ቅጽ የእጅ ጽሑፍ ለቀዳማዊት ካትሪን አበረከተ።

ግዞት

ጴጥሮስ በ1725 ሞቷል። አብራም ግን ሌላ ወገን አልነበረውም። ሌሎች መኮንኖች ቀን ሲከፋ አጎት ወይም ርስት የሚተርፋቸው ሲሆን የእሱ ዝምድና በሙሉ አንድ የሞተ የክርስትና አባት ነበር። ካትሪን በ1727 ስትሞት የመንግሥቱን ሥልጣን የጨበጠው ልዑል ሜንሺኮቭ በሥራ ሰበብ መጀመሪያ ወደ ካዛን፣ ቀጥሎ ወደ ሳይቤሪያ ሰደደው። በመጨረሻ የደረሰው በቻይና ድንበር አጠገብ ወዳለችው ሴሌንጊንስክ ነው፤ እዚያም የምሽግ ሥራ ተሰጠው። ሜንሺኮቭ ራሱ ብዙም ሳይቆይ ወድቆ ቢጋዝም አብራም ወዲያው አልተመለሰም፤ በ1729 ታስሮም ነበር። ከሳይቤሪያ የወጣው በጄኔራል ሚኒክ ድጋፍ ነው። ለግንባታ ሥራ የሠለጠነ ሰው ያስፈልግ ነበርና በባልቲክ ዳርቻ በፐርኖቭ (በዛሬዋ ኢስቶኒያ ፓርኑ) ተመድቦ የመሐንዲሶች መምህር ሆነ።

ትዳር

ይህ የሕይወቱ ክፍል የሚያስመሰግነው አይደለም። በ1731 የአንድ ግሪካዊ የባሕር ካፒቴን ልጅ የሆነችውን ኤቭዶኪያ ዲዮፐርን አገባ። ልጅቱ ተገድዳ ነበር። በፐርኖቭ ነጭ ሴት ልጅ በወለደች ጊዜ ባልና ሚስት ፈጽመው ተለያዩ፤ አብራም ልትመርዘኝ አሲራለች ብሎም ከሰሳት። ኤቭዶኪያ ለብዙ ዓመታት በእስር ቆይታለች፤ አብራም እንደደበደባትና እንዳሠቃያትም በጉዳዩ ላይ ተነግሯል።

ፍቺው ሳያልቅ በ1736 ክሪስቲና ሬጊና ሾበርግን አገባ፤ በዘሯ ስዊድናዊና ጀርመናዊ የሆነች የመኮንን ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያን ጉዳዩን የቋጨችው በ1753 ነው፤ ኤቭዶኪያ ወደ ገዳም ተላከች፣ የሁለተኛውም ጋብቻ ጸና። ከክሪስቲና አሥር ልጆች ተወለዱ። ከመካከላቸው የፑሽኪን አያት ያኑዋሪ ተብሎ ክርስትና ቢነሣም እናቱ ስሙ ለጀርመንኛ አንደበቷ ስለከበዳት ኦሲፕ አለችው፤ በዚያው ቀረ። በዚህ ቤት ስም እንደ ልብ የሚለዋወጥ ነገር ነበር።

የ1742 ማመልከቻ

በ1741 መጨረሻ የጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ ዙፋን ያዘች። የአባቷን ሰዎች ፈልጋ ስታነሣ አብራምም ተጠራ፤ በ1742 ሜጀር ጄኔራልና የሬቫል (የዛሬዋ ታሊን) ከተማ የጦር አዛዥ ሆነ። በፕስኮቭ አውራጃ ሚኻይሎቭስኮዬንና ፔትሮቭስኮዬን ያቀፈ ሰፊ ርስት ተሰጠው።

ችግሩ ግን ሌላ ነው። በሩሲያ መኳንንትነት በዘር ይቆጠራል፤ ርስትና ማዕረግ ያለው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ማስረዳት አለበት። አብራም ማስረዳት አይችልም። ምስክር የለውም፣ የትውልድ ሐረግ የለውም፣ ከአገሩ ወረቀት የሚያመጣለት ሰው የለም። በዚያው በ1742 የመኳንንት ማረጋገጫና የቤተሰብ አርማ እንዲሰጠው ለእቴጌይቱ ያቀረበው ማመልከቻ ስለ ትውልዱ ከእጁ የወጣ ዋናው ጽሑፍ ነው። በዚህም ውስጥ ትውልዱ ከአፍሪካ፣ ከዚያው አገር ታላላቅ ሰዎች ወገን መሆኑን፣ የተወለደው በአባቱ ግዛት በላጎን ከተማ እንደሆነ፣ አባቱም ከዚህች ሌላ ሁለት ከተሞች ያስተዳድር እንደነበር ገለጸ። የአባቱን ስም አልጻፈም፤ የአገሩንም ስም እንዲሁ።

ከዚያው ማመልከቻ ውስጥ ብዙ አንባቢ የሚያልፈው ሌላ ቃል አለ። ከቁስጥንጥንያ ወደ ሩሲያ የመጣው በ1706፣ በልጅነቱ፣ ከሳቫ ጋር፣ በገዛ ፈቃዱ እንደሆነ ይናገራል። ዓመቱ ከመዛግብቱ ጋር አይገጥምም። ፈቃዱም ቢሆን የስምንት ዓመት ልጅ ከሱልጣን ቤተ መንግሥት ወጥቶ ለሌላ ንጉሥ ሲላክ ማን ፈቃዱን ጠየቀው? ይሁን እንጂ ተገዝቶ የመጣ ሰው መኳንንት ነኝ ማለት አይችልም ነበር። ማመልከቻው እንዲቆም ባርነቱ ከታሪኩ መውጣት ነበረበት፤ አብራምም አወጣው።

በአርማው ላይ ዝሆን ይታያል። ከሥሩ ኤፍ፣ ቪ፣ ኤም፣ ኤም እና ኦ የሚሉ አምስት የላቲን ፊደላት አሉ፤ ትርጉማቸውን አብራም አልተወልንም። አንዳንዶች ዕድል ሕይወቴን ፈጽማ ለወጠችው የሚል የላቲን ዓረፍተ ነገር የቃላቱ መነሻ ፊደላት ናቸው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ በሚነገረው የኮቶኮ ቋንቋ አገር ቤት የሚል ቃል ያነቡበታል።

ጌታና ገባር

ሃኒባል ሬቫልን ለአሥር ዓመት ያህል ሲመራ ከከተማይቱ ጀርመናዊ ባላባቶች ጋር ብዙ ተጋጭቷል። በአካባቢው በነበረው የራጎላ ርስት ላይ የተፈጠረ አንድ ክስ ተጠቃሽ ነው። በ1743 የርስቱን ከፊል ለአንድ ጀርመናዊ ሲያከራይ ገባሮቹን መግረፍና ከልማዱ በላይ ማሠራት እንደማይቻል በውሉ አስገባ። ተከራዩ ውሉን ሲያፈርስ በፍርድ ቤት ከሶ ረታው። በባልቲክ ግዛቶች ገባርን መግረፍ እንደ ጌታ መብት በሚታይበት ጊዜ ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ክሱን ከመዛግብት አውጥቶ ያሳወቀው ኢስቶኒያዊው ጸሐፊ ጌኦርግ ሌትስ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ሃኒባልን የነጻነት ሰው ማድረግ ግን አይቻልም። በመቶ የሚቆጠሩ ገባሮች ነበሩት፣ ይገዛም ነበር። በ1759 ከፒተርስበርግ አጠገብ የገዛው የሱይዳ ርስት ከነሰዎቹ ነው፤ ከእነሱ መካከል በዚያን ጊዜ የአንድ ዓመት ሕፃን የነበረችው አሪና ሮዲዮኖቭና ትገኝበታለች። ይህች ሴት ኋላ የፑሽኪን ሞግዚት ሆና በተረቶቿ ዝናዋ በሩሲያ ሁሉ የታወቀው ናት። በልጅነቱ የተሸጠ ሰው ሕፃን ከነቤተሰቧ ገዛ ማለት ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ከሬቫል በኋላ በምሽጎች፣ በክሮንሽታትና በላዶጋ ቦዮች ሥራ ላይ የበላይ ኃላፊ ሆኖ በ1759 የሙሉ ጄኔራል ማዕረግ አገኘ። በ1762 ሣልሳዊ ጴጥሮስ ከሥራ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ በሱይዳ ድንች እያለማና ቤተሰቡን እያስተዳደረ ኖሮ በ1781 ሞተ።

በፈረንሳይኛ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ እንደነበር ፑሽኪን ይናገራል። ሆኖም አልፎ አልፎ ይይዘው በነበረ ከባድ ፍርሃት ውስጥ ሆኖ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ፊቱ ላይ አስቃጠለው። የሳይቤሪያን መንገድ ያየ ሰው ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለ ላጎን ከማንም በላይ የሚያስረዳው ጽሑፍ ምናልባት የጠፋው በዚያ እሳት ነው።

ከልጆቹ መካከል ኢቫን በ1770 በናቫሪኖ ላይ በተደረገው ጦርነት ስሙ የተጠራ፣ በ1778 ደግሞ የኬርሶን ከተማን ግንባታ የመራ የባሕር ኃይል ጄኔራል ነበር። ኦሲፕ ሚኻይሎቭስኮዬን ወረሰ፤ ልጁ ናዴዥዳ ኦሲፖቭና የፑሽኪን እናት ናት።

ፑሽኪንና ቅድመ አያቱ

አሌክሳንደር ፑሽኪን (1799 – 1837) ቅድመ አያቱን አልደረሰበትም። ይሁንና ከ1824 እስከ 1826 በመንግሥት ትእዛዝ ተግዞ የኖረው ሃኒባል ከኤልሳቤጥ በተቀበለው በሚኻይሎቭስኮዬ ርስት ላይ ነው። እዚያ ሳለ በሕይወት የቀረውን የሃኒባልን ልጅ ፒዮትርን አግኝቶ ስለ አባቱ ጠየቀው፤ ጀርመንኛውን የሕይወት ታሪክም አሳጥሮ ወደ ሩሲያኛ መለሰው። በ1825 በታተመው የየቭጌኒ ኦኔጊን የመጀመሪያ ምዕራፍ ግርጌ ስለ አፍሪካዊ ዘሩ ማብራሪያ ጨመረ። በ1827 የታላቁ ጴጥሮስ አራፕ የሚል ልብ ወለድ ጀመረ፤ ሳይጨርሰውም ቀረ። በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ባለታሪኩ የሚጠራው በሩሲያኛው አብራም ሳይሆን በመጀመሪያ ስሙ፣ በኢብራሂም ነው።

በ1830 ቡልጋሪን የተባለ ጋዜጠኛ ስም ሳይጠራ ፑሽኪንን ለማዋረድ ጽሑፍ አወጣ። ልዑል ነበር የሚባልለት ጥቁር ቅድመ አያቱ በመርከበኛ እጅ በአንድ ጠርሙስ አረቄ የተገዛ ነው አለ። ፑሽኪን የዘር ሐረጌ በተባለው ግጥሙ መለሰለት። የመልሱ ነጥብ ቅድመ አያቱ አልተገዛም የሚል ክርክር አልነበረም፤ በርካሽ የተገኘው ሰው ለንጉሡ ታማኝና የማይገዛ ልብ ያለው ሆኖ ኖሯል የሚል ነበር። አብራም በ1742 የደበቀውን ነገር የልጅ ልጁ ልጅ ሳያፍርበት ተቀበለው።

የትውልድ ቦታ ክርክር

ሃኒባልን ከሐበሻ ምድር የሚያገናኘው የመጀመሪያው ጽሑፍ የሮትኪርህ ጀርመንኛ ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን ግን አቢሲኒያ የሚለው ቃል በአውሮፓውያን አፍ ሰፊና ልቅ ነበር። ሐበሽ የሚለው ስምም በቱርኮች ዘንድ በቀይ ባሕር ዳርቻ ለነበራቸው ግዛት መጠሪያ ከመሆኑም በላይ ከአፍሪካ ለመጡ ባሮች በየዋህነት ይነገር ነበር። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ብዙ አያስረዳም።

ክርክሩን በሳይንስ መልክ ያቀረበው የሞስኮው አንትሮፖሎጂስት ድሚትሪ አኑቺን ነው። ፑሽኪን በተወለደ መቶኛ ዓመት በ1899 ባወጣው ጥናት ላጎን የተባለው ከመረብ ወንዝ አካባቢ፣ በዛሬዋ ኤርትራ የሚገኘው ሎጎ ነው አለ። ጊዜውን ማስታወስ ይጠቅማል። ከአድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ የሩሲያ ቀይ መስቀል አዲስ አበባ መጥቶ ቁስለኞችን ካከመ ገና ብዙ አልቆየም። ለሩሲያ አንባቢ ኦርቶዶክሳዊቷ ኢትዮጵያ እንደ እህት አገር የምትታይበት ወቅት ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚያሳፍረው የአኑቺን ሌላው ምክንያት ነው። የሩሲያ ታላቅ ባለቅኔ የጥቁር ዘር ሊሆን አይችልም ብሎ በማመን ሐበሾችን ከሌሎች አፍሪካውያን ለይቶ ወደ ነጭ ዘር አስጠጋቸው። በኢትዮጵያ ዛሬም በኩራት የሚጠቀሰው ማስረጃ ከዚህ የዘር ትምህርት የተቀዳ መሆኑን ብዙዎች አያውቁም።

ይህ ማለት ግን መላምቱ በራሱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ በቱርኮች እጅ ከነበረችው ምጽዋ ባሮች በቀይ ባሕር በኩል ይላኩ ነበር፤ በሱልጣኑ ቤተ መንግሥትም ከሐበሻ ምድር የሄዱ ጥቁሮች ነበሩ። በሌላ በኩል ልጁ በተወሰደበት ጊዜ በዙፋን ላይ የነበሩት ቀዳማዊ ኢያሱ (1682 – 1706) ሲሆኑ የመረብ ደጋ ገዢዎች የሚገብሩት ለእሳቸው እንጂ ለቱርክ አልነበረም። የቱርክ ኃይል ከባሕር ዳርቻው ብዙ አያልፍም። በቱርክ ላይ ሸፍቶ ልጁን በመያዣነት የተነጠቀ አባት፣ ከቤቱ አጠገብ የሚታይ መርከብና እየዋኘች የምትከተል እህት ከደጋው ጋር በቀላሉ አይገጥሙም።

ቭላድሚር ናቦኮቭ በ1964 በታተመው የኦኔጊን ትርጉሙ ላይ ስለ ሃኒባል ረጅም አባሪ ጽፎ የአኑቺንን ማስረጃ በጥርጣሬ አፈረሰው፤ የቻድ ሐይቅ አካባቢንም አነሣ። ይህን አቅጣጫ ወደ ሙሉ መላምት ያሳደገው የቤኒን ተወላጁ ታሪክ ጸሐፊ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ነው። በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ላጎን በሰሜን ካሜሩን በሎጎን ወንዝ ዳር ያለችው የኮቶኮዎች ጥንታዊ ከተማ ሎጎን-ቢርኒ ናት ይላል። እዚህ ስሙ ይገጥማል፤ ከተማ ይዞ የሚገዛ ባላባትም አለ፤ ወንዝም አለ። የማይመቸው ከቻድ አካባቢ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚወስደው የባሪያ መንገድ ሰሐራን አቋርጦ ወደ ትሪፖሊ የሚወጣ መሆኑ ነው፤ የእህቲቱ መርከብ በዚህ መንገድ መጀመሪያ ላይ ቦታ የለውም። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ወደ ካሜሩኑ ያዘነብላሉ።

ሁለቱም ወገኖች የሚመሠረቱት በአንዲት ቃል ላይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ያችም ቃል ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ መኳንንትነቱን ለማስረዳት በሚጽፍ ሰው የተመዘገበች ናት።

መታሰቢያዎች

በአዲስ አበባ ሳር ቤት አካባቢ በፑሽኪን ስም የሚጠራ አደባባይ አለ፤ በአስመራም የፑሽኪን ሐውልት ቆሟል። በሩሲያ የፔትሮቭስኮዬና የሱይዳ ርስቶች ሙዚየም ሆነዋል። በሱይዳ የነበረው የሃኒባል መቃብር ግን ጠፍቷል። በቪልኒየስ በተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ጽላት አፍሪካዊው ሃኒባል በዚያ ክርስትና መነሣቱን ይመሰክራል፤ የሚጠራው ግን የፑሽኪን አያት ብሎ ነው፣ አንድ ትውልድ ዘሎ።

በብዙ መጻሕፍት የሃኒባል ምስል ተብሎ የሚታተም ጠይም የጄኔራል ሥዕል አለ። በደረቱ ላይ ያለው የቅዱስ ቭላድሚር ኒሻን የተቋቋመው በ1782፣ ሃኒባል ከሞተ ከዓመት በኋላ ነው። ሥዕሉ የሌላ ጄኔራል፣ የሜለር-ዛኮሜልስኪ መሆኑ ታውቋል።